አባ ዝም ዘንድ በብስክሌት የሄድኩ ዕለት

ብስክሌት መንዳት ከባድ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔን የከበደኝ ብስክሌት እንዳለኝ ሳልናገር መዋል ነበር። ይህች የአፍ ነገር ባትኖርብኝ ኖሮ ያን ቅዳሜ እንደ ሰው ቤቴ ውዬ፣ ጫማዬን አጽድቼ፣ እሑድን በሰላም እቀበል ነበር።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ያኔ አዳማ ማለት ባቡር ጣቢያው፣ ገበያው፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶችና ነፋሱ ነበሩ። ነፋሱን ከከተማዋ ጋር አብሬ የማነሣው ቋሚ ነዋሪ ስለነበረ ነው። ሌላው ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እሱ ግን ሌሊትም ቀንም እዚያው ነው። እኔ በጣቢያው የቴሌግራም ጸሐፊ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ የሰውን ወሬ ሳሳጥር እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ የራሴን አስረዝሜ አወራለሁ። ምናልባት አንዱ የሌላው ካሳ ይሆናል።

ብስክሌቱ የአንድ ግሪክ እህል ነጋዴ ነበር። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ከእሱ ገዛሁትና በሁለት ወር ውስጥ መንዳት ተማርኩ። ተማርኩ ስል ቀጥ ብዬ መሄድ ማለቴ ነው። መታጠፍ ገና አልለመድኩም። መታጠፍ ሲያስፈልገኝ እወርዳለሁ፤ ብስክሌቱን አነሣና አፍንጫውን ወደምፈልግበት አዙሬ እንደገና እወጣበታለሁ። ይህን የሚያዩ የአዳማ ሰዎች የብስክሌት ሕጉ እንደዚያ ይመስላቸው ስለነበር ማንም አልሳቀብኝም።

የዚያን ዓመት ሰኔ ገብቶ ሊያልቅ ቢቃረብም ዝናብ የለም። ሰማዩ ጥርት እንዳለ ይነጋል፣ ጥርት እንዳለ ይመሻል። ሰው በመጀመሪያ ጸለየ፤ ቀጥሎ ተጨነቀ፤ ከዚያ በኋላ ጥፋተኛ ፍለጋ ጀመረ። ጥፋተኛውም ብዙ ሳይቆይ ተገኘ። ባንያኑ ነው ተባለ።

ባንያኑ የምንለው ሰውዬ ከሕንድ አጠገብ ካለችው ከሲላን ደሴት የመጣ ሰው ነው። እኛ ያኔ ከባሕር ማዶ በዚያ በኩል የመጣውን ሁሉ ባንያን ስለምንል ነው እንጂ ባንያንም አልነበረም። ሐዲዱ ሲዘረጋ አናጢ ሆኖ መጣ፤ ሥራው አልቆ ጓደኞቹ ሲመለሱ እሱ ቀረ። ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ ከሚወስደው መንገድ ወደ ቀኝ ተገንጥሎ ከሚገኝ ተራራ ወገብ ላይ ቤት ሠራ። ቤቱ ግን መኖሪያ ብቻ ሳይሆን ቡድሃ ለሚሉት ለአገሩ መምህር ያቆመው መቅደስ ነው የሚል ወሬ ነበር። ሰውየው ገበያ ሲወርድ ከሰላምታ ሌላ ቃል ስለማይወጣው ስሙን አባ ዝም አልነው።

የደብራችን መምሬ ጥላሁን ጉዳዩን ለአገሩ ዳኛ ለባላምባራስ ይመር አቀረቡ። ችሎቱ የሚቀመጠው በባላምባራስ ግቢ ካለው ትልቅ ግራር ሥር ነው። እኔም እንደ ሌላው ሰው ልሰማ ሄጃለሁ።

«ጣዖት አቁሞ ዝናባችንን አስሯል» አሉ መምሬ። «ቤቱ ይፍረስ። እሱም ባቡር ይሳፈርና ወደመጣበት ይሂድ።»

ባላምባራስ ግራ ቀኙን ተመለከቱ። «ጣዖቱን ያየ ሰው አለ?»

የሰማ ሞልቷል። አንዱ ጣዖቱ ወርቅ ነው አለ፤ አንዱ ሰባት ራስ አለው አለ፤ አንዱ ማታ ማታ ያስላል አለ። ያየ ግን አልተገኘም።

«እንግዲያው እስከ እሑድ ያየ ሰው አምጡልኝ» አሉ ባላምባራስ። «ካልተገኘ መምሬ ባሉት እፈርዳለሁ። ወሬ ይዤ ዓመት ሙሉ አልቀመጥም።»

ሰዉ እግሩን ያያል፣ ነፋሱን ያያል። ተራራውን ማንም አልፈለገውም። እኔም አልፈለግሁትም። አፌ ግን እኔን ሳያማክር ተከፈተ።

«ጌታዬ፣ እኔ በብስክሌቴ ደርሼ ለምሳ እመለሳለሁ።»

ባለቤቴ አስካለ ይህን ስትሰማ አልተቆጣችም። ቁጭ ብላ ብቻ አሰበችና «መታጠፍ ሳትችል ተራራ እንዴት ትወጣለህ?» አለችኝ።

«ተራራ የሚወጣው ቀጥ ብሎ ነው» አልኳት።

ይህን መልስ ዛሬም ድረስ አልተወችልኝም።

ቅዳሜ ማለዳ ካኪ ኮቴን ለበስኩ፤ ባርኔጣዬን ደፋሁ፤ አስካለ ራሷ ፈትላ ያሠራችልኝን አዲስ ነጠላ በላዩ ጣል አደረግሁ። ለምስክርነት የሚሄድ ሰው ነጠላ ያስፈልገዋል ብዬ ነው። ገበያተኛው መንገድ ለቆ ግራና ቀኝ ቆመ። አንዳንዱ «በርታ» አለኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ፔዳሉን ረገጥኩ።

የገበያው ጫፍ ሳልደርስ አንገቴ ወደታች ተሳበ። ምን እንደያዘኝ አላወቅሁም። ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ፊቴ ወደ መሪው ይቀርባል። አፍንጫዬ መሪውን ሲነካ ነው የነጠላዬን ጫፍ ሰንሰለቱ እየበላው መሆኑ የገባኝ። ያን ጊዜ ቆሜ መውረድ ነበረብኝ፤ ግን እንደዚያ ተጎንብሼ መውረድ የተማርኩት ትምህርት አልነበረም። ስለዚህ እንደ ተጎነበስኩ ቀስ ብዬ ወደ ግራ ወደቅሁ።

አንድ ዐረብ ልብስ ሰፊ መቀሱን ይዞ ከሱቁ ወጣ። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ነገሩን በጥንቃቄ መረመረ።

«የቱ ይቆረጥ?» አለኝ። «ነጠላው ነው ወይስ አንተ?»

ነጠላው ተቆረጠ። ግማሹ ከሰንሰለቱ ጋር ቀረ፤ ግማሹን በአንገቴ ጠመጠምኩና መንገዴን ቀጠልኩ። ከኋላዬ ይሳቅ አይሳቅ እንዳላውቅ ነፋሱ ተባበረኝ፤ ከፊት ለፊት እየመጣ ድምፁን ሁሉ ወደ ከተማ ይመልሰው ነበር። እኔንም ወደ ከተማ ሊመልሰኝ ጥቂት ነው የቀረው። አንዳንድ ቦታ በሙሉ ኃይሌ እየረገጥኩ እዚያው የቆምኩ ይመስለኛል። አንዲት ድርቆሽ የተሸከመች ሴትዮ በእግሯ አለፈችኝና እግዚአብሔር ያጽናህ አለችኝ።

ከተማው ከዓይን ሲጠፋ የግራሩ እሾህ ጀመረ። የኋላው ጎማ መጀመሪያ ተነፈሰ። ወረድኩና አየሁት። መንፊያ ይዣለሁ፤ መጣፊያ ግን አልያዝኩም። ነፍቼ ትንሽ እሄዳለሁ፤ ይተነፍሳል፤ እንደገና እነፋለሁ። ሳንባዬና ጎማው እኩል ደከሙ። በዚህ ጊዜ ከፊት ለፊቴ ማገዶ የጫኑ አምስት ግመሎች ከነባለቤታቸው ብቅ አሉ።

ሰው እንዳየ ሰላም ማለት ደግ ነው። እኔም ሰላም ልል ፈልጌ የብስክሌቱን ደወል መታሁ።

ግመል ደወል ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አንዱ ወደ ሜዳው፣ አንዱ ወደ ቁጥቋጦው፣ ሦስቱ ወደ እኔ መጡ። መታጠፍ ስለማልችል ብስክሌቱን ለእነሱ ትቼ እኔ ወደ ጉድጓድ ገባሁ። ቀና ስል ማገዶው እስከ ዓይን ጥግ ተበትኗል፤ ባለግመሉም ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ያየኛል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው።

«አካም ቡልቴ?» አለኝ በእርጋታ፤ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ማለቱ ነው።

«ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ አልኩት ከጉድጓዱ ውስጥ። ነገሩ ሰላም እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ስሙ ኦቦ ጉደታ ነው። አልሰደበኝም። «ተነሥ፣ እንልቀም» ብቻ አለኝ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ እስክትደርስ ግመል ስናሳድድና ማገዶ ስንለቅም ቆየን። ሥራው ሲያልቅ ብስክሌቱን ዞሮ አየው። የፊተኛውም ጎማ አልቆለታል።

«ይህ ነገር ይጮኻል እንጂ አይሄድም?» አለኝ።

«ይሄዳል። ዛሬ ትንሽ ደክሞት ነው።»

«የት ልትሄድበት ነበር?»

«አባ ዝም ዘንድ። ቤቱን አይቼ እሑድ ልመሰክር።»

«ምን ብለህ?»

«ያየሁትን።»

ኦቦ ጉደታ ብዙ አየኝ። «እኔ ማገዶና ወተት አደርስለታለሁ» አለ በመጨረሻ። «እዚያ ስቀመጥ ማንም ምንም አይጠይቀኝም። በዚህ አገር እንደዚያ ያለ ሌላ ቦታ አላገኘሁም። ቤቱ ከፈረሰ የት ልቀመጥ?» መልስ አልጠበቀም። ብስክሌቱን አንሥቶ ከትልቋ ግመል ላይ ከማገዶው ጋር አሰረው።

በብስክሌት ወጥቼ ብስክሌቱ በግመል፣ እኔ በእግሬ ተራራውን ጀመርነው። አንባቢዬ ይህን ለአስካለ እንዳይነግርብኝ።

አቀበቱ ላይ ኦቦ ጉደታ ሁለት ነገር መከረኝ። «ስትገባ ጫማህን አውልቅ። ሌላው ደግሞ፣ ደወሉን ያንቃጨለ ሰው ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰውየው ሁለተኛ እስኪደውል አይናገርም።»

«እኔ ደወሉን ምን አስነካኝ» አልኩ።

ቤቱ ከአንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ ሥር ነው። እንደዚያ ያለ ቤት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ግድግዳው ከሐዲዱ ሥራ የተረፈ ብረትና ድንጋይ እያፈራረቀ የተደረደረ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ጫፍ ጫፉ እንደ ጀልባ አፍንጫ ወደ ላይ ተቆልምሟል። መስኮቱ የአሮጌ ፉርጎ መስኮት ነው፤ መስታወቱ ላይ የፈረንጅ ጽሑፍ እስካሁን አለ። አንብቤ ተረጎምኩት፤ ወደ ውጭ ማጎንበስ ክልክል ነው ይላል። ከበሩ በላይ ደግሞ ክንድ የሚያህል የተቆረጠ ሐዲድ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል።

ጫማዬን ለማውለቅ በአንድ እግሬ ቆምኩ። ካልሲዬ አውራ ጣቴን አጋልጦ ሳየው አፈርኩና ሰው ሳያይ ቶሎ ልግባ ብዬ በአንድ እግሬ ዘለልኩ። ግንባሬ ከሐዲዱ ጋር ተገናኘ። ድምፁ ተራራውን ዞሮ፣ ከሸለቆው ማዶ ደርሶ፣ መልሶ ወደ ጆሮዬ መጣ። ከኋላዬ ኦቦ ጉደታ በረጅሙ ተነፈሰ።

ከጓሮ በኩል አንድ አጭር፣ ራሱን የተላጨ ሽማግሌ ወጣ። ግንባሬን አየ፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ እጄን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባኝና ከሰሌን ላይ አስቀመጠኝ።

ዝም አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ችግር አይቻለሁ፤ ወባ ታምሜያለሁ፤ የመሥሪያ ቤት አለቃ ተቆጥቶኝ ያውቃል። ያን ያህል ግን አልተጨነቅሁም። መጀመሪያ ግንባሬ ስላመመኝ ማማረር አማረኝ። ቀጥሎ ስለ ግመሎቹ ማውራት አማረኝ። ከዚያ አንዲት ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ስታርፍ ለእሷም ቢሆን አንድ ሁለት ቃል ልላት ፈለግሁ። ከንፈሬ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ሽማግሌው አጠገቤ ተቀምጦ እንደሌለ ሰው ዝም ብሏል።

ቀስ እያለ ዓይኔ ጨለማውን ለመደ። ከፊት ለፊቴ ከዋንዛ እንጨት የተቀረጸ፣ ሰው የሚያህል ምስል ተቀምጧል። እግሩን አጣምሮ ከአበባ ላይ ነው የተቀመጠው። አንድ ራስ ነው ያለው። ወርቅም አይደለም። እጆቹ ጭኑ ላይ አርፈዋል። ዓይኖቹ በመከፈትና በመከደን መሐል ናቸው። ጉንጩ ሙሉ ነው። ጆሮው ረጅም ነው። ከግራ ጉንጩ ላይ አንዲት ኪንታሮት አለች።

ኪንታሮቷን አወቅኋት።

አበባው ላይ የተቀመጡት ባላምባራስ ይመር ናቸው።

ሳቁ ከሆዴ ተነሣ። ዝም በል ተብያለሁ። የተረፈችውን ግማሽ ነጠላ አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ነከስኳት። እንባዬ ወረደ። ሽማግሌው እንባዬን ሲያይ ልቡ የተነካ መሰለኝ፤ ትከሻዬን በቀስታ ዳሰሰኝና ሁለተኛውን ደወል ሊደውል ተነሣ።

ደወሉ ተደወለ። ሽማግሌው የተቀቀለ ሽምብራ በሚጥሚጣ አቀረበልኝ። ከበላን በኋላ ነው «አባቴ፣ ይህ ፊት የማን ነው?» ያልኩት።

አማርኛው አጭር አጭር ነበር፤ ቃል ከቃል አይጠጋጋም።

«ከአገሬ ስወጣ ልጅ ነበርኩ፤ እዚህ የደረስኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው» አለኝ። «የመምህሩን ፊት በልቤ ይዤ የመጣሁ መስሎኝ ነበር። እንጨቱን ስቀርጽ እጁ ወጣ፤ እግሩ ወጣ፤ ፊቱ ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። ሦስት ዓመት ፊት የሌለው ሆኖ ተቀመጠ። አንድ ቀን ለምስክርነት ወደ ችሎት ጠሩኝ። ሁለት ሰዎች በአህያ ተጣልተዋል። ይጮኻሉ። ዘመዶቻቸው ይጮኻሉ። አህያውም ይጮኻል። መሐል ላይ አንድ ትልቅ ሰው ተቀምጠዋል። አልተቆጡም። አልተንቀሳቀሱም። እንደዚያ ሰላም ያለው ፊት ከአገሬ ከወጣሁ አላየሁም። ወዲያው መጥቼ ቀረጽኩ።»

የያዝኩትን ሽምብራ መልሼ አስቀመጥኩ። ነገሩን እናንተ አታውቁትም እንጂ አዳማ ሁሉ ያውቀዋል። ባላምባራስ ምሳ በልተው ከችሎት ሲቀመጡ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ማንም ደፍሮ ተኙ አይልም። «ባላምባራስ እያሰቡ ነው» ነው የሚባለው። ባለጉዳይ ሁሉ እስኪያስቡ ጠብቆ፣ አስበው ሲጨርሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራቸዋል። አባ ዝም ባሕሩን ተሻግሮ፣ ስንት ዘመን ቆይቶ ያገኘው የሰላም ፊት የጥጋብ እንቅልፍ ነበር። ይህን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሽማግሌው ምስሉን የሚያይበትን ዓይን አየሁና መልሼ ዘጋሁት። ደወል ሳይደወል በገዛ ፈቃዴ ዝም ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

ከጓሮ ወስዶ ጎመኑን አሳየኝ። ቅጠሉ ደርቆ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። «ዝናብ የለም» አለኝ፤ እንደ ማንኛችንም አዝኖ። ከዚያ ጎማዎቼን ፈታና በአየር ፈንታ ደረቅ ሣር ጠቅጥቆ ሞላልኝ። እጁ የአናጢ እጅ ነው፤ በጥቂት ጊዜ ጨረሰው።

ወደ ታች ስለወረድኩበት ሁኔታ ብዙ ባልናገር እመርጣለሁ። ሣር የበላ ብስክሌት ቁልቁለት ላይ ፈረስ ይሆናል። ፍሬኑ ያዝ ሲሉት አይሰማም፤ መንገዱ ይጠማዘዛል፤ እኔ አልጠማዘዝም። ከተራራው ግርጌ የአንድ ሰው የፍየል በረት ነበር። አጥሩን አልፌ ገባሁ። ፍየሎቹ ጥግ ይዘው ሲያዩኝ ቆዩና አንዷ መጥታ ከፊት ጎማዬ የሚታየውን ሣር መብላት ጀመረች። ቤቴ የደረስኩት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። አስካለ ግንባሬን፣ ኮቴንና ነጠላዬን በየተራ ተመለከተች።

«ግማሹስ?» አለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግራሩ ሥር መቀመጫ ጠፋ። ባላምባራስ ከመሐል፣ መምሬ ጥላሁን ከቀኛቸው ተቀምጠዋል። ቆሜ ማልኩ።

«አየህ?» አሉ መምሬ።

«አይቻለሁ፣ አባቴ።»

«ራሱ ስንት ነው?»

«አንድ ነው። ወርቅም አይደለም፤ ዋንዛ ነው። ዝናቡንም እሱ አላሰረውም፤ የራሱ ጎመን ደርቋል።»

ሰዉ አጉረመረመ። ዝናብ የሚያስር ሰው የገዛ ጎመኑን አያደርቅም የሚሉ ድምፆች ከኋላ ተሰሙ። እዚያ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር። መምሬ ግን አልለቀቁኝም።

«ምስሉ ታዲያ ምን ይመስላል?»

«ሰው ይመስላል።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ትልቅ ሰው።»

«የባንያን መልክ ነው?»

«አይ፣ የአገራችን ሰው መልክ ነው።»

«የአገራችን ሰው? ማንን ነው የሚመስለው?»

ግቢውን አየሁት። ከበሩ አጠገብ ኦቦ ጉደታ ቆሟል። ሰማዩን አየሁት። እዚያም የሚረዳኝ አልነበረም።

«ተናገር እንጂ» አሉ ባላምባራስ። «የማልክ ሰው ነህ።»

«እርስዎን ይመስላል፣ ጌታዬ።»

ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ሲይዝ ሰምቼ አላውቅም። ባላምባራስ ፊታቸው መጀመሪያ ጠቆረ። ቀጥሎ ሌላ ነገር መጣበት።

«እኔን?»

«ኪንታሮትዎ ሳትቀር።»

«ቆሜያለሁ ወይስ ተቀምጫለሁ?»

«ተቀምጠዋል፣ ጌታዬ።»

«በምን ላይ?»

«በአበባ ላይ።»

ባላምባራስ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ምን እያደረግሁ?»

ከኋላዬ አንድ ሰው ሳል አለ። «እያሰቡ ነው» አልኩ። ሐሰት አልመሰከርኩም፤ የአገሩን ቃል ነው የተጠቀምኩት።

መምሬ ተጨነቁ። ጣዖት ይቃጠል ማለት ይችላሉ፤ የባላምባራስ መልክ ይቃጠል ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ባላምባራስም ተነሡ። «የራሴ ነገር ስለሆነ በዓይኔ ሳላይ አልፈርድም» አሉና በማግሥቱ በቅሎ እንዲጫን አዘዙ።

ሰኞ ማለዳ ወጣን። ባላምባራስ በበቅሎ፣ መምሬ አንድ ገንቦ ጠበል አሸክመው በበቅሎ፣ እኔ መንገድ መሪ ነኝና በእግሬ። ከበሩ በላይ የተንጠለጠለው ሐዲድ ጋ ስንደርስ ሁሉም ጎንበስ እንዲሉ አስጠነቀቅሁ። ማንም አልነካውም፤ የገባነው ግን ደወሉን እንደመታ ሰው ዝም ብለን ነው።

ባላምባራስ ከምስሉ ፊት ቆሙ። ለረጅም ጊዜ አዩት። ወደ ግራ ዞረው አዩት፤ ወደ ቀኝ ዞረው አዩት። እጃቸው ሳያውቁት ወደ ኪንታሮታቸው ሄደ። መምሬም ጸሎት ሊጀምሩ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱና ተዉት።

«የት ነው ያየኸኝ?» አሉ ባላምባራስ።

እኔ ወደ በሩ ፈቀቅ አልኩ።

«በችሎት ነው» አለ አባ ዝም። «ሁለት ሰዎች በአህያ ይጮኹ ነበር።»

«እኔስ?»

«እርስዎ ዝም ብለው ነበር።»

ባላምባራስ መልሰው ምስሉን አዩት። ያን የእንጨት ፊት እንዲያ ሲያዩ በልባቸው ስንት ነገር እንዳለፈ አላውቅም። ብቻ ድምፃቸው ሲወጣ የዳኛ ድምፅ አልነበረም።

«ተኝቼ ነበር» አሉ።

በአዳማ ይህን ቃል ማንም ተናግሮት አያውቅም። መምሬ መሬት መሬት አዩ። እኔም ጣሪያውን አየሁ።

«አውቃለሁ» አለ አባ ዝም። «ያንኮራፉ ነበር።»

«ታዲያ አውቀህ ነው የቀረጽከኝ?»

«ሰው ሲተኛ ፊቱን ማስመሰል አይችልም። ክፉ ሰው ተኝቶም ግንባሩ አይፈታም። የእርስዎ ተፈትቶ ነበር።»

ሽማግሌው ቀረብ ብሎ አገጫቸውን አስተዋለ፤ ከዚያ ምስሉን አስተዋለ፤ ራሱን ነቀነቀ። «አገጩ ተበላሽቷል» አለ። «ከሩቅ ነበር ያየሁት። ጥቂት ቢቀመጡልኝ ይስተካከላል።»

ባላምባራስ ይመር፣ በቅሎ ሲጫን መታገሥ የማይችሉት ሰው፣ ካባቸውን ሰብስበው ከሰሌኑ ላይ ተቀመጡ። አባ ዝም ቢላዋውን አነሣ። የእንጨቱ ፍቅፋቂ ቀስ እያለ ይወድቃል። መምሬ ጥላሁን ትንሽ ቆመው አዩና ገንቦውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። ምን ሊያደርጉ ነው ብዬ ተከተልኳቸው። ከደረቀው ጎመን አጠገብ ቆመው ግራና ቀኝ አዩ፤ እኔን ግን አላዩኝም። ከዚያ ጠበሉን ከእያንዳንዱ ሥር ጠብ ጠብ አደረጉለት።

ከሰዓት በኋላ ተያይዘን ወረድን። ነፋሱ ከኋላችን ስለነበረ መንገዱ ቀለለን። ግማሹን መንገድ ከሄድን በኋላ መምሬ በቅሏቸውን ወደ ባላምባራስ አስጠግተው ፍርዱን ጠየቁ።

«ይቀመጥ» አሉ ባላምባራስ።

«ለምን ያህል ጊዜ፣ ጌታዬ?»

ባላምባራስ አገጫቸውን በሁለት ጣታቸው ያዙ። «አገጬ ገና ግማሹ ነው» አሉ። «ቅዳሜ እንድመለስ ነግሮኛል።»